አንድ መስመር የማይበቃቸው መልሶች

በትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጠያቂው ወረቀቱን ይገልጣል፤ ሰዓት ያዡ እጁን ያነሣል። «ኢትዮጵያ ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ነፃ የወጣችው መቼ ነው?» ፈጣኑ ልጅ ጥያቄውን እንኳ ሳያስጨርስ «ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.!» ይላል። ጭብጨባ፣ ሁለት ነጥብ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ።

ልጁ አልተሳሳተም። ነገር ግን ይህንኑ ጥያቄ በደርግ ዘመን የተማሩት አባቱ ቢጠየቁ ኖሮ «መጋቢት 28» ብለው እሳቸውም ሁለት ነጥባቸውን ይወስዱ ነበር። ጦርነቱ አንድ፣ ከተማዋ አንድ፣ ዓመቱም አንድ፤ የድሉ ቀን ግን ሁለት። የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ የሚጥመኝ እንዲህ መልሱ ሌላ ጥያቄ ሲወልድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከዚያ ጦርነትና ከተከታዮቹ አሥርት ዓመታት ጥቂት ጥያቄዎችን እያነሣን፣ የውድድሩ ሰዓት ያዥ የማይፈቅደውን ያህል እንቆይባቸው። ቀኖቹ ካልተለዩ በስተቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከድሉ ቀን እንጀምር። መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ ከኢጣሊያኖች እጅ የወጣችበት ዕለት ነው። ከተማዋን የያዘው ከኬንያ ተነሥቶ፣ ሶማሊያን አቋርጦ፣ በሐረር በኩል የገሠገሠው በጄኔራል ካኒንግሃም የሚታዘዘው ጦር ነበር። «የእንግሊዝ ጦር» እንለዋለን እንጂ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ደቡብ አፍሪካውያን፣ ኬንያውያን፣ ናይጄሪያውያንና ያኔ ጎልድ ኮስት ትባል ከነበረችው ከዛሬዋ ጋና የመጡ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያች ዕለት የገቡት አዲስ አበባ ሳይሆን ደብረ ማርቆስ ነው። ከሁለት ወር ተኩል በፊት፣ በጥምቀት ማግሥት ጥር 12 ቀን፣ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው በጎጃም አርበኞች መካከል ሲጓዙ ነበር። (የፖሊስ ስፖርት ክለብ ስሙን ያገኘው ከዚችው ኦሜድላ ነው። እግር ኳስ ተመልካቹ ሁሉ ስሙን ይጠራዋል፤ ቦታው የት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ብዙው ዝም ይላል።)

ታዲያ ንጉሠ ነገሥቱ ወዲያው ወደ መናገሻቸው ያልገቡት ለምንድነው? በከተማዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኢጣሊያ ሲቪሎች ነበሩ። እንግሊዞች ጃንሆይ ከአርበኞቻቸው ጋር ሲገቡ በቀል ይነሣል ብለው ስለ ፈሩ አቆዩዋቸው፤ ወር ያህል አለፈ። በመጨረሻ የገቡበት ቀን ሚያዝያ 27 ሆነ። ይህ ቀን እንዲያው የተገኘ አይደለም። ልክ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው። ሽንፈት የተጻፈበት ቀን ላይ ድል ተደርቦ ተጻፈበት።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ይህ ድርብ ትርጉም አልተስማማውም። የንጉሥ መመለሻ ቀን የሕዝብ ድል በዓል እንዴት ይሆናል አለና በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ደርግ ከንጉሡ የሸሸበት ቀን በእንግሊዛዊ ጄኔራል የሚታዘዝ ጦር ከተማዋን የያዘበት ቀን ነው። ስለ አርበኛው ብሎ የተቀየረ በዓል ከአርበኛው ይበልጥ ለደቡብ አፍሪካው ወታደር ቀረበ ማለት ነው።

ደግሞ ከሁለቱም ቀኖች በኋላ ጦርነቱ አላለቀም። ጎንደር ላይ የኢጣሊያው ጄኔራል ናሲ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ድረስ ተዋግቷል። እዚያው ጎንደር አካባቢ ቁልቋልበር ላይ የወደቀ ሰው አዲስ አበባ በዓል ካከበረች ከወራት በኋላ ነው የሞተው። አገሪቱም በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ዓይን እስከ ጥር 1934ቱ ስምምነት ድረስ «ከጠላት የተያዘ ግዛት» ነበረች። ሐውድና በምሥራቅ እንግሊዝ ይዞ የቆየው ሌላው አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ሙሉ በሙሉ የተመለሱት በ1947 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ነፃ የወጣነው መቼ ነው ሲባል ጂግጂጋ አካባቢ ያደገ ሽማግሌ ከሁላችንም የተለየ መልስ ቢሰጥ መብቱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ በዚያ ጦርነት ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሴት ምስል ይከፍሉ ነበር፤ ሴትየዋ ማን ናት?

የኦስትሪያዋ ገዢ ማርያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጦርነቱ ሲጀመር ከ150 ዓመት በላይ አልፏታል። በእኛ ዘንድ ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር የሚባለው ሳንቲም የሷ ነው። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የሚቀረጽበት ዓመት ምንጊዜም 1780 ነው። ቪየና ውስጥ በ1900 ቢመታም 1780፣ በ1930 ቢመታም 1780። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ገበሬውና ነጋዴው ምስሉን ለምዶታል፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ ሳይቀር እየቆጠረ ይቀበል ነበር። ትንሽ የተለየ ከሆነ «ይህ አይሆንም» ብሎ ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር በፓሪስ አስመትተው ቢያስመጡም ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም።

ሙሶሊኒ ይህን ያውቅ ነበር። ለወረራው ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የሳንቲሙን ቅርጽ ማውጫ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ውስጥ ማስመታት ጀመረ። የመንደር ሹም ለማባበል፣ አጋሰስ ለመከራየት፣ እህል ለመግዛት ሊሬ አይሠራም፤ ጠገራ ግን ይሠራል። እንግሊዞችም በቀጣዩ ዓመት በለንደን ያንኑ ሳንቲም ማምረት ጀመሩ። ኋላ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የጌዴዎን ጦር ተብሎ የተሰየመውን ኃይል ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ ግመሎቹ ከጥይትና ከስንቅ ጋር የማርትሬዛ ሣጥን ተሸክመው ነበር። ግመሎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ የቆላ ግመሎች ናቸው፤ የጎጃም ደጋ ብርድና ዳገት አብዛኞቹን ፈጃቸው። በአምስቱ ዓመት ኢጣሊያኖች ሰው ሁሉ በሊሬ እንዲገበያይ ቢያስገድዱም የወረቀት ገንዘብ ያላመነው ሕዝብ ጠገራውን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ከድሉ በኋላ ማርትሬዛ፣ ሊሬና የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአንድ ገበያ ተገናኙ። ይህን ትርምስ ያስቆመው ሐምሌ 16 ቀን 1937 የወጣው አዲሱ ገንዘብ ነው፤ ቀኑ የንጉሠ ነገሥቱ ልደት ነበር። ኖቱ ላይ በአማርኛ «ብር» ተጽፎ በእንግሊዝኛ ግን «ዶላር» ይባል ነበር። ሕዝቡ ዶላሩን አንድም ቀን አልጠራውም። በሞተች የኦስትሪያ ንግሥት ሳንቲም ላይ የለጠፈውን ስም ለአዲሱ ወረቀትም አወረሰው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ስሞች ነው፤ ፈጠን እንበልበት። ካዛንቺስ ምን ማለት ነው? ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ አንድ ተቋም ነበር፤ «ካዛ» ቤት ነው፣ «ኢንቺስ» ደግሞ የተቋሙ ምሕፃረ ቃል። ፖፖላሬም እንዲሁ የተራው ሰው ቤት ማለት ነው። መርካቶ ገበያ ነው። ኢጣሊያኖች በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ነጭና ጥቁር አይቀላቀል ብለው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የሰጡት ስም «የአገሬው ሰው ገበያ» የሚል ነበር። ስሙ የታቀደው ለመለየት ነው፤ ቦታው ግን ከአገሪቱ ሁሉ የመጣውን ሰው የሚቀላቅል ሆኖ አረፈው። ጋራዥ ብትገቡ ደግሞ ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን ትሰማላችሁ፤ ጎማ የሚሠራው ጎሚስታ ነው። ይህ ሁሉ በአምስት ዓመት የገባ ነው ማለት ግን ስሕተት ይመስለኛል። ኤርትራ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢጣሊያ እጅ ነበረች፤ ብዙው የመካኒክ ቋንቋ ከአሥመራ በመጣ ባለሙያ አፍ ተጓጉዞ የደረሰን ነው።

ሜክሲኮ አደባባይስ? ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መጠቅለሏን አብዛኛው ዓለም ቀስ በቀስ ሲቀበል እምቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮን ጎበኙ። በሜክሲኮ ሲቲ «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይ አለ፤ የምድር ውስጥ ባቡርም በስሙ ጣቢያ አለው፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀላሉ ባቡር «ሜክሲኮ» ብሎ ይቆማል፤ በውቅያኖስ ማዶ ሌላ ባቡር «ኢትዮጵያ» ብሎ ይቆማል።

አራተኛው ጥያቄ ረዘም ያለ ነው፦ ኢጣሊያ የወሰደችውን መልሳለች?

በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም 24 ሜትር የሚረዝም፣ ወድቆ የተሰባበረ ሐውልት ተነሥቶ በምጽዋ ወደብ በኩል ወደ ናፖሊ ተጫነ። ሮም ውስጥ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ሊሠራበት በታሰበው ስፍራ ፊት ለፊት ተገጣጥሞ ቆመ። የተመረቀው ፋሺስቶች ወደ ሮም የዘመቱበት 15ኛ ዓመት ሲከበር ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ኢጣሊያ በየካቲት 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የሰላም ውል ፈረመች። የውሉ 37ኛ አንቀጽ ግልጽ ነው፦ ከጥቅምት 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከኢትዮጵያ የተወሰደ የሥነ ጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ዕቃና የታሪክ ሰነድ በ18 ወር ውስጥ ይመለሳል።

18 ወር። ልብ በሉ፣ ሐውልቱ ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ሮም ቆመ። ሚኒስቴሩ ቀረና ሕንፃው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። የኢትዮጵያ ልዑካን ስለ ረኃብና ስለ እህል ሊነጋገሩ በገቡ ቁጥር በራሳቸው ሐውልት አጠገብ እያለፉ ነበር። አንዳንዴ «ድንጋዩ ቢነሣ ይሰበራል» የሚል ምክንያት ይሰማ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ግን ሐውልቱን ሮም ላይ መብረቅ መታው፤ እዚያ ይሻለዋል የሚለው ክርክር ያኔ አከተመ። በተከታዮቹ ዓመታት ሦስት ቦታ ተፈታ። አንቶኖቭ-124 የተባለው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን የመጀመሪያውን ክፍል ይዞ አክሱም ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ነው። ተመልሶ ቆሞ የተመረቀውም ነሐሴ 29 ቀን 2000፣ የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ነው። ለዚህ ከተሟገቱት አንዱ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። እናታቸው ሲልቪያ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ በለንደን ማሳተም የጀመሩት ባዶሊዮ አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ በዚያችው ሚያዝያ 27 ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል።

ለገሃር ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳም እንዲሁ ተጭኖ ሮም ሄዶ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው የተመለሰው። እሱን ስናነሣ ዘርዓይ ደረስን ማንሣት ግድ ነው። በሰኔ 1930 ይህ ከኤርትራ የሄደ አስተርጓሚ በሮም አንበሳው በቆመበት ስፍራ ጎራዴ መዝዞ ኢጣሊያኖችን አጠቃ። በልጅነታችን የሰማነው ትረካ የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር እያበዛ ይሄዳል፤ የኋላ ጊዜ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን በርካታ ሰዎችን ማቁሰሉን ነው። ፋሺስቶቹ ለፍርድ አላቀረቡትም። ዕብድ ነው ብለው በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ዘጉበት፤ በ1945 እ.ኤ.አ. በሲሲሊ እንደተዘጋበት ሞተ። እኔን ከጎራዴው ይልቅ የሚገርመኝ ይህ ነው። ችሎት ቢያቆሙት ለምን እንዳደረገው ይናገር ነበር፤ ስለዚህ አእምሮው ታሟል የሚል ወረቀት ይበልጥ ተመቻቸው።

የመጨረሻዋ ተመላሽ ትንሽ ናት። በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች አውሮፕላን ነበረች። ወራሪዎቹ ወስደው በሮም አቅራቢያ በሚገኝ የአየር ኃይል ሙዚየም አስቀመጧት። ለኢትዮጵያ በይፋ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ነው። የ18 ወሩ ቀጠሮ በዚያን ጊዜ 75ኛ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

ገንዘቡስ? በዚያው የፓሪስ ውል ለኢትዮጵያ የተወሰነላት የጦር ካሣ 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን ተወስኗል። ከካሣው በወጣ ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። የአዋሽን ውኃ ገድቦ መብራት ሲሰጥ የኖረው ግድብ የዚያ ጦርነት ደረሰኝ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ዩጎዝላቪያን ካነሣን አይቀር፣ ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ከዚያች አገር ቀራጮች እጅ የወጣ ነው፤ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ይባላሉ። ኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ ውስጥ ፈረስ ላይ ተቀምጣ የወይራ ቅርንጫፍ የያዘችውን ሴት የቀረጸውም ያው አውጉስቲንቺች ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በሦስት ቀን የተጨፈጨፈውን ሰው የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ብሎታል፤ ጭፍጨፋውን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። የሐውልቱን ቅርጾች በቅርብ ያየ ሰው በቁጥሩ ላይ ብዙም የሚከራከር አይመስለኝም።

አምስተኛው ጥያቄ፦ ለዚህ የተቀጣ አለ? የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1948 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ከቀረበለት ክስ አሥር ኢጣሊያውያንን በተጠርጣሪነት መዘገበ፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ አሉበት። አንዳቸውም ለኢትዮጵያ ፍርድ አልቀረቡም። ግራዚያኒ በገዛ አገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ ጥፋቱ ግን ከናዚዎች ጋር መተባበሩ ነው። ከወራት በኋላ ተፈታ፣ በ1955 እ.ኤ.አ. በአልጋው ላይ ሞተ። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በምትባል ከተማ ከሕዝብ በተሰበሰበ ግብር መታሰቢያ ተሠራለት፤ ሮምና ዋሽንግተን ያሉ ኢትዮጵያውያን ሰልፍ ወጡ። የመርዝ ጋዙም ነገር እንዲሁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ቆመው፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው፣ ጋዙ ከአውሮፕላን እንዴት እንደ ዝናብ እንደሚረጭ ለመንግሥታቱ ማኅበር ዘርዝረው ነበር። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጋዙ መረጨቱን በይፋ ያመኑት በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ልክ 60 ዓመት።

ከጦርነቱ የተረፈው ሁሉ ግን ቂምና ክርክር ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1938 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47 ነው። ሲ-47 ለጦር ሠራዊት ማመላለሻ የተሠራ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ገበያ ላይ የተረፈ አውሮፕላን ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከንጉሠ ነገሥቱ አባት ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። ጄኔቭ ላይ የተነፈጋቸውን የጋራ ጥበቃ ንጉሠ ነገሥቱ ለሌላ ትንሽ አገር ለመስጠት ላኩት፤ ከ120 በላይ ልጆች አልተመለሱም፤ ከተሰለፉት ግን አንድም አልተማረከም።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት፣ የግራዚያኒ መቀመጫ በነበረውና ቦምቡ በተወረወረበት ቤት አጠገብ፣ ወደየትም የማያደርስ የኮንክሪት ደረጃ አለ። ኢጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በሥልጣን የቆየበትን አንድ ዓመት ይወክላል። ከድሉ በኋላ ደረጃውን ማንም አላፈረሰውም። ጫፉ ላይ፣ መጨረሻው እርከን ላይ፣ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ተማሪዎች በጥላው ሥር ቁጭ ብለው ያነባሉ። ስንት እርከን እንዳለው እዚህ አልጽፈውም፤ በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ቆም ብሎ ይቁጠረው።